የባለኮቷ ምልክት

ሰው በሰው ይቀናል። እኔ ግን በሰው ከመቅናቴ በፊት በጥንዚዛ ቀንቼ ነበር። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ፈገግ በሉ፤ ሳቃችሁን ግን ቆጠብ አድርጉት፣ ኋላ ይፈለጋል።

እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ። ገበያ መሐል አንዱ እግሬን ቢረግጠኝ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ለተናገረኝ ሰው የሚሆን መልስ የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው። ጥንዚዛ እንዲህ አይደለችም። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከድንጋይ ሥር የምትኖር አንዲት ጥንዚዛ አለች፤ የነኳት እንደሆነ ቂጧን ወደ ጠላቷ አዙራ ጧ ታደርግና የሚያቃጥል ጭስ ትለቅበታለች። የቤት አከራያችን የኤዶ ኸዲጃ ዶሮ አንድ ቀን ልትለቅማት ስትል ዐይኔ እያየ ተተኮሰባት። ዶሮዋ ምንቃሯን በአሸዋ ስትጠርግ ዋለች፤ ከዚያ ቀን በኋላ በቆሎ ሲሰጧት እንኳ መጀመሪያ ዞር ብላ ከኋላው ታየው ጀመር።

ሺ እግር ሲነኩት ይጠቀለልና ከጎኑ መራራ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያወጣል። በቶቢያ ቅጠል ላይ የሚኖረው ባለቀለም ፌንጣ የተክሉን መርዛም ወተት ሲመገብ ኖሮ፣ ሲይዙት ከአንገቱ ሥር አረፋ ይደፍቃል። ጉንዳን እንኳ፣ ያቺ የምንረግጣት ጉንዳን፣ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚል ነገር ትረጫለች። ፈጣሪ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጠርሙስ አስታጥቋቸዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ጠርሙሱ አልቆ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ የተማርሁት ከአንድ ኦቾሎኒ ሻጭ ነው። ሰውዬው ኦቾሎኒውን የሚጠቀልለው አንድ አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ እየገነጠለ ነበር፤ መጽሐፉ ስለ ነፍሳት ነው። እኔ በባቡር ጣቢያው ግምጃ ቤት ብሎን በየመጠኑ እየለየሁ የማስቀምጥ ሠራተኛ ነኝና፣ ፈረንሳይኛን ከሣጥን ላይ ጽሑፍና ከአንድ የተቀዳደደ መዝገበ ቃላት ለቃቅሜ ነበር። ከመጽሐፉ የተረፈውን ገዛሁት። ግማሹን ግን የሰፈራችን የመጋላ ሰው ኦቾሎኒ በልቶበታል፤ ስለዚህ ዕውቀቴ ጎዶሎ ነው። ስለ ጥንዚዛ የሚጠይቀኝ ካለ እመልሳለሁ። ስለ ቢራቢሮ ግን ኦቾሎኒ በሊታዎቹን ጠይቁ።

ከሁሉም አብልጬ የቀናሁባት ባለኮቷ ናት። ስሟን በአማርኛ የሚነግረኝ ስላጣሁ እኔው ያወጣሁላት ስም ነው። ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትረዝም፤ ከሩቅ ስትታይ ጉንዳን ትመስላለች። ራሷና የጭራዋ ጫፍ ጥቁር፣ ደረቷና ሆዷ ብርቱካንማ ነው፤ ወገቧ ላይ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ አጭር ኮት ደርባለች። ደቻቱ ሞልቶ ሲጎድል ከርጥቡ አሸዋ ወጥታ አምፖል ፍለጋ ወደየግቢው ትመጣለች። አትናከስም፣ አትናደፍም፣ ድምፅ የላትም። እስከዚህ ድረስ ልክ እንደ እኔ ናት። ነገር ግን ጉንጩ ላይ የጨፈለቃት ሰው መጀመሪያ ምንም አይሰማውም፤ ተኝቶ ይነሣል፣ ሥራ ውሎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ደሟ የነካው ቦታ እንደ እሳት የሚፋጀውና ውሃ የሚቋጥረው። መልሷ ዘግይቶ ይመጣል። የእኔም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ የእኔ ግን ማንንም አያቃጥልም።

መጽሐፉ ሌላም ነገር ይላል፤ ይህን ገጽ ኦቾሎኒ ሻጩ አልደረሰበትም። ደሟ የነካው ቆዳ ሳይታጠብ ሌላ ቆዳ ከነካ፣ በዚያኛውም ላይ ያው ምልክት ይወጣል። ይህችን አንቀጽ ባላነበብኋት ኖሮ ይህን ወግ የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

አሁን ወደ ግቢያችን ግቡልኝ። ግቢው መጋላ ውስጥ ነው፤ ክፍሎቹ ዙሪያውን ተደርድረው መሐል ላይ አንድ ቧንቧ፣ አንድ አምፖልና አንድ የልብስ ሽቦ አለ። ድሬዳዋ ሙቀቷ ይታወቃል፤ ወንዱም ሴቱም ያለ ፎጣ አይንቀሳቀስም። በግቢያችን ሽቦ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ፎጣ ቦታ አለው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሰቅሎ ቢገኝ ኤዶ ኸዲጃ የቤት ኪራይ ያላገኘች ያህል ነው የምትቆጣው። የእኔ ቦታ ዳር ላይ ነው። ከእኔ ቀጥሎ የሚሰቀለው አረንጓዴ ፎጣ የአስካለ ነው።

አስካለ የጋሽ ደምሴ ልጅ ናት። ጋሽ ደምሴ የሃዲድ ጠጋኞች አለቃ ናቸው፤ መዶሻ ይዘው ስላረጁ ሰላምታቸውም እንደ መዶሻ ነው። እሷ በጥጥ ፋብሪካው ክር ታጠነጥናለች። ማታ ስትመለስ ጠጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ ይታያል፤ እኔም የትኛው ጎን ላይ እንደሚበዛ ሳይቀር አውቃለሁ። በአምፖሉ ሥር ተቀምጬ ሳነብ አንዳንድ ጊዜ ቆም ብላ ጥንዚዛ እያሳየች «ይቺስ ምንድነው ጠባይዋ?» ትለኛለች። እኔም ስለ እግሯ መገጣጠሚያ ስነግራት እራቷ ይቀዘቅዛል። ከዚህ የበለጠ ነገር ተናግሬያት አላውቅም። ሌላውን ነገር ለመናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልስ እንደሚመጣልኝ ሁሉ እሱም ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው የሚመጣልኝ።

ጌታሁን ደግሞ አለ። ጌታሁን ጅቡቲ በሚመላለሰው ፈጣን ባቡር፣ በሊቶሪናው ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ግቢ ይገባል። ቆቡን በአንድ ዐይኑ ላይ ዘንበል ያደርጋል፤ ኤዶ ኸዲጃን በሶማሊኛ ያስቃታል፤ የጋሽ ደምሴን መዶሻ የመሰለ ሰላምታ በሳቅ ይመልሳል። የራሱ የሚባል ነገር የለውም። በእኔ ሳሙና ይታጠባል፣ በጎረቤት ማበጠሪያ ያበጥራል፣ መስተዋት ከሌላ ይዋሳል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ከእኛ ሁሉ እሱ አምሮ ይወጣል። አስካለ በቀልዱ ትስቅ ነበር። እኔ ስለ ጥንዚዛ ስናገር ግን ስቃ አታውቅም። ይህን ጉዳይ በብዙ አቅጣጫ መርምሬዋለሁ፤ ከየትኛውም አቅጣጫ ሲታይ ደስ አይልም።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ቧንቧው ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። አስካለ ግራ ጉንጯ ላይ ጣት የሚያህል ቀይ፣ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ወጥቶባታል። ይህስ ባልከፋ። ወዲያው ጌታሁን ከክፍሉ ወጣ፤ ቀኝ ጉንጩ ላይ ያው ምልክት፣ በዚያው መጠን፣ እንደዚያው ገደድ ብሎ ተሰምሯል።

የግቢው ሰው ስለ በሽታው ይከራከራል። ግማሹ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽላት ይላል። ኤዶ ኸዲጃ ወላሂ ሸረሪት ሸንቶባቸው ነው ትላለች። ጌታሁን ራሱ የጅቡቲ ፀሐይ ነው ብሎ ሳቀ። አስካለ ጅቡቲ ሄዳ እንደማታውቅ ግን ማንም አላሰበም። እኔ ብቻ ነበርሁ በድሬዳዋ ከተማ የባለኮቷን ፊርማ አይቼ የማነበው፤ ባላነበው በተሻለ ነበር።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ቁጭ አልሁ። ሁለት ምልክት፣ አንድ ደም። ጉንጭ ጉንጭን ነክቷል ማለት ነው። ለራሴ ተስፋ ለመስጠት ሰላምታ ይሆናል አልሁ፤ ቅዳሜ ከጅቡቲ ሲመለስ ስማው ይሆናል። ግን ሰው ሲሳሳም ቀኝ ከቀኝ፣ ግራ ከግራ ነው የሚነካካው። እርግጠኛ ለመሆን ወጥቼ የግቢውን ዘበኛ፣ እንደ አባባ «አዎ» ብለን የምንጠራቸውን አዎ ዑመርን አቅፌ ሳምኋቸው። ቀኝ ከቀኝ ሆነ። በሌላው ጎን ደገምሁ፤ ግራ ከግራ ሆነ። ሽማግሌው ሰው መንገድ ልሄድ መስሏቸው ዱዓ አደረጉልኝ። እንግዲህ ሰላምታ አይደለም። ግራዋ ቀኙን ሊነካ የሚችለው ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ፣ ጉንጫቸውን ሲያገጣጥሙ ነው። ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያየው የት ነው? ሲኒማ ቤት። ሲኒማ የሚታየው መቼ ነው? ቅዳሜ። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለው ጊዜ ደግሞ ባለኮቷ መልሷን ለመስጠት የሚያስፈልጋት ጊዜ ነው። ብሎንና መያዣው እንኳ እንዲህ አይገጥሙም። እንደዚያ ቀን ስሌት ተሳክቶልኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አልቅሼ አላውቅም።

አሁን የምነግራችሁ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ በጊዜው የመጣልኝን ዕለት ነው። ማታ ቧንቧው አጠገብ ጌታሁን ስለ ጅቡቲ ፀሐይ እንደገና ሲያወራ ተነሥቼ ቆምሁ። ፀሐይ አይደለም አልሁ። ምችም፣ ሸረሪትም አይደለም። ከዚያ ባለኮቷን ከነኮቷ አስረዳሁ። ደሟ ከቆዳ ወደ ቆዳ እንዴት እንደሚሻገር ነገርኋቸው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ምንም አልነበረ። ግን ጅምር ነገር አልወድም፤ ግራና ቀኙንም አስረዳሁ። ሲኒማውንም ጨመርሁ። የአዎ ዑመርንም ምስክርነት ጠቀስሁ። ሁሉም ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ፣ ንግግሬ ያማረ መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ ጋሽ ደምሴ መፋቂያቸውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቆመዋል።

መፋቂያውን አውጥተው ጣሉት።

«ጌታሁን፣ ልጄን ሲኒማ ወስደሃታል?»

ጌታሁን ማለ፤ በእናቱም በአባቱም ማለ። አስካለም ቅዳሜ አክስቷ ጋ እንደነበረች ተናገረች። ጋሽ ደምሴ ግን ምልክቶቹን ተራ በተራ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ውሸት ተናግሬ እንደማላውቅ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ያ ዝናዬ ያን ዕለት ጎዳን። አስካለ ዕቃዋን ሸክፋ በሳምንቱ መጨረሻ በሚሄደው የጭነት መኪና ወደ ገጠር፣ ዋሂል ሄዳ ሌላዋ አክስቷ ዘንድ እንድትቀመጥ ፈረዱ። ሥራዋንም እንድትተው አዘዙ።

ጌታሁን ቆቡን አቃና። ነገሩ ያስጨነቀው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሲያስብ ነበር። «ጋሼ፣» አለ፣ «ስሜ አንዴ ከተነሣ በሰው አፍ አላስቀራትም። ሐሙስ ሥራ የለኝም፤ ሽማግሌ ልላክ።»

ጋሽ ደምሴ ፊታቸው ፈታ አለ። ኤዶ ኸዲጃ እልል ልትል ጀምራ የአስካለን ፊት ስታይ ተወችው። አስካለ ግን እሱንም አባቷንም አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየኝ። ዶሮዋም ጥንዚዛዋ የተኮሰችባት ዕለት ጥንዚዛዋን እንደዚያ ነበር ያየቻት።

ስንት ሰው በቅናት ተቀናቃኙን ሚስት አሳጥቷል፤ ለተቀናቃኙ ሽማግሌ ያስላከ ግን ከእኔ በቀር መኖሩን እንጃ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እንቅልፍ ስላልነበረኝ ወደ ሽቦው ሄድሁ። እዚህ ላይ ስለ ፎጣዎቼ መናገር አለብኝ፤ ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀይ ዳር ያለው የቆየ ፎጣዬ ነው። ባለኮቶቹ መምጣት ሲጀምሩ እሱን ከፊት ሥራ ሽሬ ለነፍሳት ሥራ አዋልሁት፤ ማታ ማታ መጽሐፌ ላይ ሲወድቁ ገጹ እንዳይበላሽ በእሱ እየጠረግሁ፣ እዚያው ውስጥ እጨፈልቃቸዋለሁ። ለፊቴ አዲስ ነጭ ፎጣ ገዛሁ፤ እሱን ክፍሌ ውስጥ ነው የምሰቅለው። ይህን ሹም ሽር ለማንም አልተናገርሁም። ማን ይጠይቀኛል ብዬ?

ባለቀይ ዳሩ ፎጣ ማታ ስሰቅለው ደረቅ ነበር። አሁን ስነካው በሁለቱም ጫፍ እርጥብ ነው። አንደኛውን ጫፍ አሸተትሁት፤ ጌታሁን ጌታሁን ይላል። ይህ አልገረመኝም፤ እሱ እጁ ላይ በመጣው ነው የሚጠርገው። ሌላኛውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁ። ብናኝ ጥጥ ተጣብቆበታል።

ግራና ቀኝ፣ ሲኒማውና ቅዳሜው፣ ዘበኛው ሁሉ ተደረመሰ። ጉንጭ ጉንጭን አልነካም። ሁለቱም የነኩት የእኔን ፎጣ ነው።

ወደ ጋሽ ደምሴ ሮጥሁ። ፎጣው ነው አልኋቸው።

«ትናንት ጉንጭ ነበር፤ ዛሬ ፎጣ ሆነ፤ ነገ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አሉ። ሽማግሌ እንዳይመጣ በቅናት የፈጠርሁት መሰላቸው። ቀንቻለሁ፤ ግን ፎጣውም እውነት ነው። ሁለት እውነት በአንድ ጊዜ ማስረዳት ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ።

እንግዲህ የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ቧንቧው አጠገብ ቆምሁና፣ ፎጣውን በሁለት እጄ ይዤ ፊቴን ጠረግሁ። ጉንጬን ብቻ ብነካ ይበቃ ነበር። ግን ሥራ በግማሽ አልወድም፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን፣ ሁለቱን የዐይኖቼን ሽፋን ሳይቀር በደንብ አድርጌ አሸሁት። «እስከ ሐሙስ ጠብቁ» አልኋቸው።

ያን ቀን ምንም አልወጣም። ከሥራ ስመለስ ጎረቤት ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ፊቴን እንደ ጨረቃ መውጫ ያይ ጀመር። በማግስቱ ጠዋትም ምንም የለም። ኤዶ ኸዲጃ አገጬን ይዛ ወደ ፀሐይ እያዞረች፣ «ወሪያ፣ ጭራሽ አምሮብሃል» አለችኝ። ጋሽ ደምሴ ሲያልፉ ፊቴን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጌታሁን ለሽማግሌዎቹ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝቶ ሲገባ፣ ሰሞኑን ከጅቡቲ ያመጣውን አዲስ የኪስ መስተዋት አዋሰኝ፤ ዕቃ አውሶ የሚያውቀው ያኔ ብቻ ይመስለኛል። መስተዋቱን ይዤ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ቁንጅናዬን የማደንቅ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ብጉር እየለመንሁ ነበር። ባለኮቷ፣ አንቺ እንኳ አታሳፍሪኝ አልሁ። በር ላይ የአስካለ ሻንጣ ተዘግቶ ቆሟል፤ ዋሂልም ቢሆን ጌታሁን ቤትም ቢሆን መሄዷ አልቀረም።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ፊቴ ተለኮሰ።

እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ግንባሬ ይፋጃል፣ አገጬ ይፋጃል፣ ደስ ይለኛል። መስተዋቱን አነሣሁ፤ ግን ራሴን አላየሁም፤ ዐይኖቼ አብጠው ተከድነዋል። ግድግዳ እየዳበስሁ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ የነበረች ሴት «ኢየሱስ ማርያም!» ብላ ባልዲ ስትጥል ሰማሁና ማስረጃዬ መድረሱን ዐወቅሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንደኛው ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁ። ከዚያ የጋሽ ደምሴ ትንፋሽ ሲቀርበኝ ተሰማኝ፤ ጎንበስ ብለው ፊቴን እያዩ ነው። ብዙ ቆዩ። ፊቴ ላይ ያለውን ከልጃቸው ጉንጭ ጋር ሲያመሳክሩ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

«ይህንንም ሲኒማ የወሰደው ሰው አለ?» ብለው ጮክ አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሻይ ለሽማግሌዎቹ ቀረበ፤ የመጡበት ጉዳይ ግን ሳይነሣ ቀረ። ጌታሁን መጥቶ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። «ወንድሜ፣ እኔም ለትዳር ቸኩዬ አልነበረም፤ አተረፍከኝ» አለ፤ የሽቶው ጠረን ግን እንደ ወትሮው ደስተኛ አልመሰለኝም። የአስካለን ሻንጣ ከበሩ ሲያነሡት ድምፁን ሰማሁ። ወደ ውስጥ ነበር የሄደው።

አመሻሹ ላይ አንድ ሰው ከጎኔ ቁጭ አለ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ዐይኔ ላይ አረፈ። የጥጥ ሽታ ነበረ።

ብዙ የምለው ነገር ነበረኝ። ይቅርታ ልላት ይገባ ነበር። እኔ ግን ያልገባኝ አንድ ዝርዝር ነበርና እሱን ጠየቅሁ። ጌታሁን እጁ ላይ በመጣው ይጠርጋል፤ ይህ ይታወቃል። «አንቺ ግን የራስሽ ፎጣ አለሽ፣» አልኋት። «አረንጓዴው። ከእኔ ቀጥሎ ነው የሚሰቀለው። ለምን በእኔ ጠረግሽ?»

ጨርቁ ቆመ። እጇ ግን አልተነሣም።

«ግራና ቀኙን ስታሰላ፣» አለች በዝግታ፣ «ይህን አላሰላኸውም?»

ፊቷን ማየት ፈለግሁ። ዐይኔ አልተገለጠም። ጨርቁን በእጄ አስይዛኝ ተነሣች፤ ጥቂት ራመድ ብላ፣ «ከፋሲካ ጀምሮ ነው፤ ፎጣህን መለወጥህን ደግሞ አልነገርኸኝም» አለችና ሄደች።

ከፋሲካ ጀምሮ! ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ግምጃ ቤት ተቀምጬ ብሎን ስለይ፣ ያ ፎጣ በየጠዋቱ እዚያ ጉንጭ ላይ ነበር። በጌታሁን የቀናሁት ሁሉ ከንቱ ነበር፤ ትክክለኛው ተቀናቃኜ ሽቦው ላይ ቀይ ዳሩን እያውለበለበ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ያን ማታ በፎጣዬ ቀናሁ።

ዐይኖቼ የተገለጡ ዕለት ጠዋት ወደ ቧንቧው ወጣሁ። ባለቀይ ዳሩን ኤዶ ኸዲጃ በእንጨት አንሥታ አቃጥላዋለች። በእኔ ቦታ ላይ አረንጓዴው ፎጣ ተሰቅሏል፤ አከራያችንም እያየች ዝም ብላለች። ፊቴን ታጠብሁ። ዙሪያዬን አየሁ። ከዚያ አረንጓዴውን አወረድሁና፣ አንደኛውን ጫፍ አሸተትሁ፣ ሌላኛውንም ጫፍ አሸተትሁ፤ የጅቡቲ ሽቶ እንደሌለበት ካረጋገጥሁ በኋላ ፊቴን ጠረግሁ።